አብዛኛውን ጊዜ

ቢስቲማ ትምህርት ቤት፣ ስምንተኛ «ሐ»፣
ከቆርቆሮው ሽንቁር ጠብ እያለ ውሃ፣
ሰሌዳውን ለሁለት በጠመኔ ከፈልሁ፤
«የሚቆጠር» ብዬ በስተግራ ጻፍሁ፣
«የማይቆጠር» ብዬ በስተቀኝ አከልሁ።

በግራ የባቲ ግመል፣ ወንበር፣ ባልዲ፣ በር፣
ኤስን ከጅራታቸው ለብዛት የምናስር፤
በቀኝ እውቀት፣ ምክር፣ ሰላም፣ ደግሞም ሐዘን፤
ቢከመሩ አንድ ናቸው፣ ቢጫኑ በሚዛን።

«ምክር» ኤስ አይወስድም ስላቸው ሳቁብኝ፤
ከኋላ ወንበር ላይ እንድሪስ ሞገተኝ፦
«ቲቸር፣ የኛን ሰፈር ምክር አያውቁትም?
ካጎት፣ ከጎረቤት፣ ከመስጊድ ደጃፍም፣
በቀን ሰባት ምክር! እንዴት አይቆጠርም?»
«ሰላምስ?» አለች ቶይባ፤ «ጧት ወጥቼ ከቤት፣
እስከዚህ ድረስ ብቻ ላርባ ሰው ሰጠሁት።»
እኔም ሳቅሁ። «ቁራሽ ምክር በሉ፤ ቁራሹ ነውና
የሚቆጠረው፣ ምክሩ ያው አንድ ነው» አልሁና
ደወሉ አዳነኝ።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ጭላንጭል፣
ደብተር ሳርም ሳለሁ፣ ቀዩን ብዕር ስስል፣
ሙሐባ ይመር ናት። ጽፋለች በእርሳስ፦
«እናቴ ሦስት አሏቸው» — «ሳድነስ»፣ ከጭራው ሌላ ኤስ።
በቀይ አሰመርሁ፤ ጻፍሁ «አይቆጠርም»።
ከሥሩ ባማርኛ ግን እሷ አላቆመችም፦

«አንደኛው ወንድሜ፣ በኦቦክ የወጣ፤
ጀልባው ደርሷል አሉን፣ ድምፁ ግን አልመጣ።
ሁለተኛው አባቴ። ሦስተኛውን አልነገሩ፤
ሌሊት ነው እናቴ ብቻቸውን የሚቆጥሩ።»

ከዚያ አንድ መስመር ክፍት ትታለች፤
ሲነገራት ልትሞላው ይሆናል ያሰበች።

መዝገበ ቃላቱን ጎትቼ ገለጥሁት፣
ሽፋን የሌለውን፣ ከደሴ የገዛሁት።
«አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም» ይላል።
አብዛኛውን ጊዜ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ዘለልኋት፣
እንደ ቦይ ተሻግሬ፣ ወርጄ ሳላያት።

ደግሞ ያንን ግሥ አየሁት፦ «የሚቆጥሩ»።
አንዲት ሴት ናቸው፤ የብዙ ሰው ነው ነገሩ።
እኛ ሰው ስናከብር፣ ሰውየውን እናበዛለን፤
ሐዘኑን አንድ ትተን «ሐዘናቸው» እንላለን።
ሙሐባ ግን በሁለቱም ቋንቋ አበዛች፤
እናቷንም፣ ሐዘኑንም። ከማን ተማረች?

ቀዩን በላጲስ ሞከርሁ፤ ወረቀቱ ተቀደደ።
ከቀዳዳው አጠገብ «ትክክል» አልሁ፣ እጄ እየከበደ።

ሚኒስትሪ ላይ ግን፣ ሙሐባ፣ ያለ ኤስ ጻፊያቸው፤
አራሚው ማሽን ነው፤ እናትሽን አያውቃቸው።