ጨው

«ይሠራል ወይ?» አልሽኝ፣ ደብተርሽን ከፍተሽ፣
ኮትሽን ሳታወልቂ፣ ከበሩ ሥር ቆመሽ።
ግቢ፣ ተቀመጪ፤ ንፋሱ ይገባል፤
መልሱ አጭር አይደለም፤ ጥቂት ያስቀምጣል።

ባሌ ዊብረን የድልድይ ጠባቂ ነበረ፣
በፍሪስላንድ ቦይ ላይ ሠላሳ ዓመት ኖረ፤
ጀልባ ሲመጣበት ድልድዩን ሰቅሎ፣
የእንጨት ጫማ በሲባጎ ከዘንግ አንጠልጥሎ
ወደ ጀልባው ይልካል፤ ሳንቲሙ ይወድቃል፤
አንድም ቀን አልሳተም፤ ነፋሱን ያውቃል።

ከዚያ አንድ ማለዳ የአንጎሉ ደም ሥር ፈንድቶ
ዓይኑ ብቻ ቀረ፣ ሌላው ሁሉ ሞቶ።
ግሮኒንገን ወስደው፣ የራስ ቅሉን ከፍተው፣
ዘጠና ስድስት መርፌ፣ ከፀጉር አቅጥነው፣
እንደ ጎመን ችግኝ አንጎሉ ላይ ተከሉ፤
«ቀኝ እጅህን አስበው፤ ጨብጥ፣ ልቀቅ» አሉ።
እጁን መች አሰበ! (ኋላ ነው የነገረኝ)
ያችን ጫማ ነው የላካት፤ ቀስቱ ሲሄድ ታየኝ፣
በስክሪኑ ፊደል ላይ ሲወዛወዝ፣ ሲያንዣብብ፣
ልክ እንደ ድሮው፣ ወደ ጀልባው ሲቀርብ።

ካሜራው ተደቅኖ፣ እኔም ፀጉሬን ተሠርቼ፣
«የኔ ፍቅር» ይለኛል ብዬ፣ ፊቱ ቆሜ፣ ጓጉቼ፤
አርባ ደቂቃ ፈጀ። ፊደል በፊደል ወጣ፦
«ሾርባው ጨው በዛበት።»
                              መጀመሪያ ሳቄ መጣ።
ከዚያ አለቀስሁ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር
አፉን በማንኪያ ከፍቼ በጨው ሳቃጥለው ነበር።

ዮሪት፣ ያ ብላቴና፣ ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣
ሽቦውን ከአናቱ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ይገራል።
ማክሰኞ «ዘጠና ከመቶ!» ብሎ ይጽፋል በደስታ፤
ዓርብ ቀስቱ ይባዝናል፣ እንደ ሰከረ ሰው ማታ።
በወረቀታችሁ ላይ የሚወጣው አማካዩ ነው።
እኔ ግን ከአማካይ ጋር አይደለም የምኖረው፤
ከማክሰኞ ጋር ነው፣ ከዓርብ ጋር ነው።

አንጎል እንግዳ አይወድም፤ ጠባሳ ያለብሰዋል፤
መርፌው አንድ በአንድ ዝም፣ አንድ በአንድ ዝም ይላል።
ዘጠና ስድስት ነበሩ። ስልሳ አንድ። ሠላሳ አራት።
ዮሪት ቁጥሩን ሲነግረኝ ዓይኑን ይጥላል መሬት።

ጥናቱ በመጋቢት ያልቃል፤ ከዚያስ? ስል «ውሉን እዪ» ይሉኛል፤
ውሉ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው፤ «መሣሪያው ሊወጣ ይችላል» ይላል።
«ያውጡት ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት።
«እምቢ» ብሎ ጻፈ።
ሦስት ፊደል። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀበት።

ትናንት ማታ ሾርባውን ቀምሶ
ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ።
ጫማዋ ተወዛወዘች፣ «ጨ» ላይ ደርሳ ቆመች፤
ከዚያ ወዲያ አልሄደችም።
ጨው ጨምሪ? ጨው ቀንሺ?
ጨለመብኝ? ጨረቃዋን አሳዪኝ?
ጨረስሁ?

ሾርባው ቀዘቀዘ።
የጨው ዕቃውን እንደያዝሁ ቆሜ ጠበቅሁት፤
እሱም ዓይኑን አልነቀለም፤ ነፋሱን እየለካ ነው፣ አልሁ፣
እንደዚያ፣ ድልድዩ ላይ፣
ሳንቲሙ ሳይወድቅ በፊት።