ልክ

ሜትሬ አለቀብኝ ወገቡን ሳልዞረው፣
ሁለተኛ ሜትር ጫፉ ላይ ሰክቼ ጀመርኩ ልቀጥለው።
ጽቲቦር ሲስቅ፣ ሆዱ ሲነቃነቅ ቁጥሩ ጠፋብኝ፣
«እንደገና ለካ፤ አይዞህ፣ ጊዜ አለኝ» አለኝ።

ፖፕራድ ነው ከተማው፣ ከታትራ ተራራ እግር፣
ከባቡር ጣቢያው ኋላ የእኔ የስፌት ቤት በር።
በሰባ ስድስት ዓ.ም. ጨርቃ ጨርቅ ልማር መጥቼ፣
የክለቡን ማልያ ስጠግን ሸበትኩ እዚሁ አግብቼ።
ሆኪ ይሉታል እነሱ፤ እኔ የበረዶ ገና፣
ሩሩ ጎማ ቢሆን ዱላው ያው ዱላ ነውና።

ጽቲቦር የቢራ በርሜል ጫኝ ነበር፣
በበረዶ ላይ መሮጥ ቀርቶ ለመቆም የሚቸገር።
አሰልጣኝ ቭላሶ ግን በሩን ለካው፣ እሱን ለካው፣
«በረኛ አይደለም ይሄ» አለ፣ «ራሱ መዝጊያ ነው!»

ሁለት ሰው ገፍቶ አስገባው፣ እንደ ቁም ሳጥን አስተካክሎ።
ከብረት እስከ ብረት ሞላው፣
የኋላው መረብ ጨለመ።
አንዲት ስንዝር ብቻ ቀረች፣ በግራ፣ ከላይ፣ ጥጉ ጋ፤
የትከሻውን ጨርቅ የቆረጥኩ እኔ አውቃታለሁ።
ለማንም አልነገርኩም።

አስራ አንድ ጨዋታ ጎል ሳይገባብን አለፈ።
መጀመሪያ ከተማው ጨፈረ፣
በአራተኛው ጩኸቱ ቀዘቀዘ፣
በሰባተኛው አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ይዞ ገባ፣
በዘጠነኛው ልጆች የሂሳብ የቤት ሥራቸውን ሠሩ።

ሌሎቹም ክለቦች ሰው ፍለጋ ወጡ፤
የእንጨት መሰንጠቂያውን፣ የአሳማ ገበያውን ዞሩ፤
ወፍራም ለመቅጠር ቀጭኑን አባረሩ።
ራዶቫን የሚባል፣ እንደ ጭራሮ የቀጠነ፣
በረዶውን እንደ ምላጭ ይቀድ የነበረ፣
አሁን ሱፐርማርኬት ውስጥ አይብ ይመዝናል።

ማታ ማልያውን ለጥገና ሲያወልቅ
ገላው ላይ የጎማው ክብ ማኅተም አያለሁ፤
የትናንቱ ቀይ፣ የከትናንት ወዲያው ሰማያዊ፣ የሳምንቱ ቢጫ።
«ግድግዳ ይሉኛል» አለኝ አንድ ቀን፣
«ግድግዳ መቼ ያብጣል?»
መልስ አልነበረኝም። ክር አጠለቅኩ።

ከብራቲስላቫ ኮሚቴ መጣ፣ ከረባት አስሮ።
በከብት ሚዛን መዘኑት። ወር ሙሉ ተከራከሩ፤
«ረጅሙን ቅርጫት ኳስ አልከለከለ፣ ወፍራሙን እኛ ስለምን?»
ያለ አንድ ሰው ነበር፣ ድምፁ ግን አንድ ነው።
አንቀጹ ላይ ስሙን አልጻፉም፣
ግን ልክ በልኩ ለጽቲቦር የተሰፋ ነበር።
እኔም ለዚያ ገላ ሰፋሁ፣ እነሱም ለዚያ ገላ ሰፉ፤
የእኔው አስገባው፣
የእነሱ አስወጣው።
«ልኩን አገኘ» ብለው ጻፉ ጋዜጦቹ።

የመጨረሻዋ ማታ ከኮሺትሴ ጋር ነበር።
ሁለት ደቂቃ ሲቀር አንድ ጢም ያላወጣ ልጅ
ዱላውን አነሳና ያቺን ስንዝር አያት።
እንዴት እንዳያት እንጃ።
መታ።

የጽቲቦር ግራ እጅ ተነሳች፤
በርሜል የተሸከመች እጅ፣
ዝንብ እንደሚይዝ ሕፃን ከአየር ላይ ቀለበቻት።

ሕዝቡ አዛጋ። «ሥጋው መለሳት» አለ ከጎኔ ያለው።
ሥጋው እዚያ አልነበረም!
ልኩን የማውቅ እኔ ነኝ፣ እዚያ ሥጋ አልነበረም፤
ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ፣ ሰው ዞሮ አየኝ፣
ጽቲቦርም አየኝ፣ በብረት ጭንብሉ ውስጥ።

ዛሬ ሌላ በረኛ አለን፣ ሸንቃጣ፣
አምስት ጎል ይገባበታል፣ ሕዝቡም ደስ ብሎት ይጮኻል።
ጽቲቦር በርሜሉ ጋ ተመልሷል።
ቅዳሜ ቅዳሜ ለማየት ሲመጣ
ሁለት ቲኬት ያስከፍሉታል፣ ሁለት ወንበር ስለሚይዝ።
አንዱን ለእኔ ይሰጠኛል።
ከሁለተኛው ወንበር የተረፈችው ጠርዝ
አንዲት ስንዝር ናት፤
እዚያ ላይ እቀመጣለሁ።