ለምን ዜሮ አላልክም?

ማክሰኞ ማክሰኞ ግሮንያ ትመጣለች፣
የሊመሪክን ዝናብ ከኮቷ ታራግፋለች።
ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስጠብቃት፣
የራሷንም አዞረች፤
አብረን ግድግዳ ስናይ አለፈ ሦስት ሳምንት።

በአራተኛው፣ «ኪኒኑን ለመተው ያለህን ፍላጎት
ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ?» አለች፤ አልኳት፣ «ሁለት»።
ትሂድልኝ ብዬ ነው።
«ለምን አሥር አልሆነም?» ነበር የለመድኩት፣
ዳኛውም፣ ዘበኛውም፣ እናቴም በስልክ የሚሉት።
እሷ ግን እስክሪብቶዋን ከደነች፤
«ለምን ዜሮ አላልክም?» አለች።

ለዚህስ መልስ አላሰናዳሁም ነበረ፤
ምላሰኛው እኔ፣ ምላሴ አብሮኝ ታሰረ።

ሙረን መጣችብኝ፣ ታናሽ እህቴ።
ከትምህርት ቤት ላመጣት ወጥቼ ከቤቴ፣
ሻነን ወንዝ ዳር፣ አግዳሚ ላይ፣ ኪኒኔን ውጬ ስተኛ፣
እስኪመሽ በር ላይ ቆመች፣ ዝናብ እየመታት፣ ብቸኛ።
ስደርስ አልተቆጣችም።
«ጫማህ አልታሰረም» ብላ
ጭቃው ላይ ተንበርክካ አሰረችልኝ፤
እንዳልወድቅ የተደገፍኩት ትከሻዋን ነበር፣
የሰባት ዓመት ትከሻ።

እዚህ ክር ያለው ጫማ አይፈቀድም።
ይህን ለግሮንያ አልነገርኳትም።
ወንበሬን ግን አዞርኩት፣
ግማሽ ያህል፣
ፊቷን ሳይሆን መስኮቱን እስካይ።