ሦስቱ «ሀ»

ከአራዳ ቁልቁለት፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ደግአረገ ዋንዛ ላገ ምሳ ሳይበላ።
«ነይ ጠርዙን ዳሺው» አለኝ፣ «በእጅሽ አይደለም፣
በጉንጭሽ ሞክሪው፤ የለመደ እጅ ላይ ስንጥር የለም።»
«ቀለሙስ ይላሳል?» አለ። «ይላስ እንጂ» አልኩት፤
«የአራት ዓመት ሰው ፊደል የሚያውቀው አፉ ውስጥ ሲከት።»

«የግንቡን ቅርፅ ስጪው፣ ቱሪስት ይገዛዋል» ያሉኝም ነበሩ፤
ጫፉ ዓይን ይወጋል ብዬ ተውኩት፤
ግንብ እንደሆነ ሞልቷል በየበሩ።

ማታ ደግሞ እኔ፣ አዘዞ፣ ከኪራይ ቤቴ፣
እስከ ውድቅት ድረስ ከሽቦ ጋር ሙግቴ።
የጥፍር ያህል ቺፕ፣ ባትሪ፣ ድምፅ ማጉያ፣
ሁሉም ተሸጎጡ በአንድ ሳጥን ጉያ።
ድምፁን የቀዳሁት ከእህቴ ነው፣ ከይታይሽ፤
ብርድ ልብስ ተከናንባ፣
«አሁንስ ሰለቸኝ፣ ስንቴ ‹ሀ› ልበልሽ?»
ጉንፋን ይዟት ኖሮ
ሳጥኔ «ሀ» ይላል በታፈነ ጉሮሮ።

ልኩን ሲነኩት ያጨበጭባል፣ «ጎበዝ!» ይላል፤
ሲስቱበት ግን፦ «ተሳስተሃል።»
በዚህ በዚህ
ኮርቼበት ነበር።

ማክሰኞ በጠዋቱ
ሳሙና በር ወሰድኩት፤ ከበቡኝ ሕፃናቱ።
አንዱ ላሰው፤ አንዱ «በሩ የት ነው?» አለ፤
አንዱ፣ ስሙ ምናለ፣
በ«መ» ፈንታ ጣቱን «ወ» ላይ ጣለ።
«ተሳስተሃል» አለው ሳጥኔ፣ በእህቴ ጉንፋን።
ልጁ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ፤
እዚያው፣ ጀርባው ላይ፣ እንደ ተጣበቀ።

ውብርስት መጣች፣ ጫማዋን ግራ ቀኝ አቀያይራ፤
«ሀ»ን ነካች፣ «ሐ»ን ነካች፣ «ኀ»ንም በተራ።
«ሀ» አለ ሳጥኑ።
«ሀ» አለ።
አሁንም «ሀ»።
ቀና ብላ አየችኝ፦ «ተሳስቷል» አለችኝ፣
«ለሦስት ሰው አንድ ስም!»

ሃሌታው ብዬ፣ ሐመሩ ብዬ፣ ብዙኃኑ ብዬ
ልዘረግፍላት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁ።
የቅኔ መምህር የሚያውቀው ምክንያት ይኖራል፤
እኔ የተማርኩት ሽቦ ነው።

ይሄኔ ባትሪው አለቀ።
ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አልሞላሁትም ነበር።
እኔ አፈርኩ።
እሷ ግን «ተኝቷል፣ አትጩሁ» አለች፤
ሹራቧን አውልቃ ደረበችለት፤
ድምፅ ማጉያው ላይ፣ ጆሮው መስሏት፣ አፏን አስጠግታ
ታስተምረው ጀመር፦
«ይቺ ታላቋ ናት። ይቺ መሐለኛዋ።
ይቺ ታናሻቸው፣ እግሯ ቀጭን የሆነው።
እናታቸው ስትጣራ
ሦስቱም አንድ ላይ ‹አቤት› ይላሉ፤
ለዚህ ነው አንድ ድምፅ።
ገባህ?»

ምናለ ከወዲያ ቀረብ አለ፦
«‹መ›ስ? የማን ልጅ ናት?»
«አንተ ንገረው» አለችው።
ያቺ የተደበቀች እጅ
ከጀርባው ወጣች፣ ቀስ ብላ፣ በአንድ ጣት።

ከዚያ በኋላ ምን እንደተባለ አልሰማሁም፤
ለተኛ ጆሮ የሚነገር ነገር ነበር።

ያን ዕለት ማታ «ተሳስተሃል»ን ሰረዝኩ።
ይታይሽን ደግሜ ለመንኳት፤ አጉረመረመች፤
ብርድ ልብሱን አንሥታ ገባችበት፦
«ይቺን አላውቃትም፤ ማን ናት? ንገሩኝ።»
ጉንፋኑ ለቋት ነበር።
አሁን ሳጥኔ ሁለት ድምፅ አለው፤
የሚያውቀው የታፈነ ነው፣
የማያውቀው ኩልል ያለ።

ረቡዕ ወደ አራዳ ወረድኩ፣ በባጃጅ፣ ሳጥኑን ታቅፌ።
«ማጥፊያው ይተልቅ» አልኩት ለደግአረገ፣
«ሕፃን ብቻውን ሊያስተኛው እንዲችል።»
«ሁሉም እንዳይጠፋ ነው የሚለፋው» አለና ሳቀ፤
መሮውን አነሣ።
ቀዳዳውን አሰፋ፣ ብናኙን እፍ አለ፤
ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ
ሽበታም ጉንጩን በጠርዙ ላይ
ወዲያና ወዲህ አመላለሰ።