ስድስተኛው ጥርስ

ከናሬቭ ወንዝ ማዶ፣ በረዶው ገና ሳይለቅ፣
ያድቪጋ ኡርሱሷን እየነዳች መጣች።
"ሞተሩ ደህና ነው" አለች፣ "ያርሳል፣ ይጎትታል፤
ማጨጃ ስገጥምለት ግን
ዘንጉ ብቻውን ይዞራል፤
ማጨጃው ቆሞ ያየዋል።"

ዘንጉን አወጣሁት፤
በናፍጣ አጥቤ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ ወደ መስኮት ይዤ አየሁት።
ከስድስቱ ጥርስ አምስቱ
ተመጥጦ እንዳለቀ ከረሜላ፣
ጠርዛቸው ስል እንደ ቢላ።
ሃያ ስድስት በጋ ብረቱን ሣር ሲያስበላ
እሱ ራሱ ተበላ።

ስድስተኛው ግን ቆሟል፣ ድርቅ ብሎ፣
ሌላ እጅ ሞልቶት፣ በሞረድ ተስሎ።
ጎንበስ አልኩ። ብየዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቧል፣
ሁሉም ወደ ግራ ያዘነብላል።
እንዲህ የሚበይድ አንድ ግራኝ ነው የማውቀው፤
ወንድሜ ዜኖን።

በአባታችን ቶርኖ ተጣልተን
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰላምታ የለንም፤
ቤተ ክርስቲያን እንኳ እሱ በዚያ በር፣ እኔ በዚህ።

"ይኼን ማን ሠራልሽ?"
"ባሌ በሕይወት ሳለ… ከሰፈራችን አንዱ፣ ስሙ ጠፋኝ።
አሁን ዓይኑ ደክሞ
መበየድ ትቷል አሉ።"
ለእኔ ስሙ አልጠፋኝም። ዝም አልኩ።

አንዱን ጥርስ ስሞላ፣ ዞሬ ደግሞ ከማዶ ያለውን፤
ብረት በአንድ ወገን ከጋለ ይጎብጣል፤
ይህን አባታችን ለሁለታችንም ነግሮን ነበር።
አመድ ውስጥ ቀበርኩት፣ ሌሊቱን ቀስ ብሎ እንዲበርድ፤
ጠዋት ቶርኖ፣ አዎ፣ ያው ቶርኖ፣
ከዚያ እስከ ማታ ሞረድ።

ልኩ ከየት ይምጣ? መመሪያው የለ፣ መለዋወጫው የለ።
ስድስተኛውን ለካሁ፣ ወፍረቱን፣ ቁመቱን፤
አምስቱን በእሱ ልክ አወጣሁ፣
አንዳንዴ እየረገምኩት፣
አንዳንዴ ሳላስበው "እጅህ ይባረክ" እያልኩት።

መገጣጠሚያውን ስሰካው ጠቅ አለ።
ወዘወዝኩት፤ ንቅንቅ የለም።
ያድቪጋ ከፈለች፤ ግማሽ ጆንያ ድንች ጨመረች።
"የድሮው የትኛው ነው?" አለች መነጽሯን አድርጋ።
"ይኼኛው" አልኳት፣
"ከሁሉ የሚሻለው።"

በሰኔ ከወንዙ ማዶ
ማጨጃው ሲዞር ይሰማኛል፣ ሳይንተፋተፍ፣ ሳይዘል።
እሱም ይሰማዋል፤
የእሱ ቤት ከእኔ ይልቅ
ለሜዳው ይቀርባል።