ሦስት ምስክር

መታወቂያዬ ጠፋ።
ከባጃጅ ወንበር ሥር፣ ወይ አሞራ ገደል
ዓሣ ስበላ፣ ከኪሴ ሾልኮ ይሆናል።
ቀበሌ ሄጄ «ማቲዎስ ነኝ» አልኳት፤
ልጅቱ ቀና አለች፣ እስክሪብቶ እንደያዘች፤
«ነኝማ ሁሉም ይላል» አለች፣
«እሱ ነው የሚሉ ሦስት ሰው ይዘህ ና።»

ደሜ ፈላ።
እኔው እዚህ ቆሜ፣ ፊቴን ይዤ መጥቼ፣
እኔን የሚያውቅ ልፈልግ፣ እኔን እዚሁ ትቼ?
ሃያ ዓመት ሙሉ ራዲዮ ጠግኜ፣
ከጎረቤት አንድ ቀን ጨው እንኳ ሳልለምን፣
ራሴን ችዬ ኖርኩ ስል፣ ብቻዬን ሆኜ።

ግን ሄድኩ፤ ምን ይደረግ።
ላሊሞ ሐይቁ ዳር መረብ ይጠግናል፤
ክሩን በጥርሱ በጥሶ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣
«ሐላሌውን ልናገር፣ አውቅሃለሁ» አለኝ፤
«የናትህ ቀብር ለት፣ ከድንኳኑ ኋላ
ደርቀህ ስትቆም፣ ውሃ ያጠጣሁህ እኔ ነኝ።»
እኔ ውሃውን እንጂ ሰውየውን አላስታውስም።

የእድሩ ጸሐፊ፣ ወይዘሮ ዱካሌ፣
መነጽሯን ሰክታ ደብተሯን ገለጠች፦
«ስድስት ጊዜ ቀርተሃል፣ ስድስቱም ተጽፏል።
ቀረ የሚባለው የሚጠበቅ ሰው ነው፣ ይገባሃል?
መንገደኛ አይቀርም፤
ያልፋል።»

ሦስተኛዋ እማማ ባንጬ፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፤
ዓይኗ ካየ ቆይቷል። ክንዴን ይዛ መጣች።
የቀበሌዋ ልጅ ፎቶውን ልታሳያት ዘረጋች፣
ኋላ አፍራ መለሰች።
እማማ ግን፣ «እስቲ ሳል» አለችኝ።
ሳልኩ።
«እሱ ነው» አለች። «ማታ ማታ ጠግኖ
የሚሞክረውን ራዲዮ፣ በግድግዳው በኩል፣
እስከ ዜናው መጨረሻ አብሬ እሰማለሁ፤
እሱ ሲያጠፋው፣ ያኔ እኔም እተኛለሁ።»
አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች፣
አይታው ከማታውቀው ፊቴ ግርጌ።

ቅጹ ይጠይቃል፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም።
ማቲዎስ ዳንግሶ ሎምባሞ።
ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው የኔ፤
እሱንም ያወጣልኝ ሌላ ሰው ነው።

ስንመለስ ከሐይቁ ነፋስ ይመጣል፤
አባ ኮዶቹ እንደ ሸንጎ ሽማግሌ
ትከሻቸውን ሰብቀው ቆመዋል።
እማማ ክንዴን ጫን አደረገችና፦
«ዛሬ ዜናውን ትንሽ
ጮክ አድርገው።»