የሌት ወፏ ክስ

መስከረም ሳይጠባ፣ ገና በነሐሴ፣
አደይ አብቦ አየሁ በልጄ ዓይን፣ በደሴ።
ሽንቱ ጠላ መስሎ፣ እህል ሲሸት ታሞ፣
ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣
«የሌት ወፍ ናት» አለ፣ «በላዩ አልፋ ሄዳ፣
ደጅ ተኝቶ አግኝታው ያመጣችው ዕዳ።»
አያ ይኄይስማ ዶማውን አንሥቶ፣
ሥር ሊምስ ወረደ በወፏ ተቆጥቶ።

ልጄን አዝዬ ወጣሁ፣ ደንበጫ ደረስኩ፣
ሲስተር ማንጠግቦሽ ዘንድ ወፏን ከሰስኩ።
ሳቀችና አለችኝ፦ «በላ ልበልሃ!
ወፏን በነጻ ልቀቅ፤ ተከሳሹ ውሃ።»
«የትኛው?» ብላት፣ «ምንጭ ውስጥ የገባ ጎርፍ፣
ሜዳ የወጣነውን ይዞልን የሚያልፍ።»
ያ ምንጭ! ብርጭቆ የመሰለ፣ ጥርት ያለ!
አባቴ እንኳ በስሙ ስንት ጊዜ የማለ!
«ምስክር ብትሻ እጅህ ቆሞ ይማል፤
ሳይታጠብ ቆርሶ ልጅህን አጉርሷል።»

እጄን አየሁት፤ ዝም አለ፤ ተረታ።
ይግባኝም ሳይጠይቅ ኪሴ ገባ ላፍታ።

«ደሴስ ይድናል» አለች፤ «ይተኛ፣ ይጠጣ፤
ሥሩን ግን አደራ፣ ጉበቱን እንዳይቀጣ።
ከሱ ጋር አንድ ትሪ ማን ይበላል?» አለች።
«እህቱ አለች፣ አንጓች፣ ጥላው ሆና ያደገች።»
«ዋስ ጥራላት ቶሎ፣ ሕመሙ ሳይደርስ ደጇ፤
መርፌ ነው ዋስ ማለት፣ የሚቆም ከእጇ።
ሁለት ሳምንት አለህ፣ ከዚያ ወዲያ የለም፤
እኛ ጋ አልመጣም፤ ማርቆስ ፈልግ፤ አትክረም።»

ለእንቁጣጣሽ ብዬ ያሰባሁት ሙክቴ፣
ሆነልኝ መሳፈሪያ፣ ዋስ መጥሪያ ለቤቴ።
አንዱ ክሊኒክ «የለም»፣ ሌላው «ነገ ና» አለኝ፤
ሦስተኛው ፍሪጅ ከፍቶ አንድ ብልቃጥ አሳየኝ።
ከአውራ ጣቴ ታንሳለች። «ይቺ ናት ዋስ?» አልኩ፤
ዋጋዋን ሲነግሩኝ ግን አከበርኳት፤ አመንኩ።
በዘጠነኛው ቀን፣ ማርቆስ ላይ፣ በዝናብ፣
አንጓች ክንዷን ሰጠች፤ እኔን አጠመቀኝ ላብ።
«አመመሽ?» ብላት ሳቀች፦ «ጉንዳን ይብሳል፣ አባ!
ይልቅ ያቺ ወፍ ትካስ፣ ስሟ ጠፍቷል በደባ።»

ስንገባ መሽቶ ነው፤ ከቤቱ አናት ላይ፣
ያቺው የሌት ወፍ ሽው ብላ ዞረች በሰማይ።
ይኄይስ ድንጋይ ሊያነሣ ሲል እጁን ያዝኩት፤
ለሽንት ቤት ጉድጓድ
ዶማውን ተዋስኩት።